በር ከፍተው የሚቆጥሩት ሰው

የጋሽ መንገሻን ሞት የሰማሁት ሳጉሬ ገበያ ዳር ነው፤ የነገረኝም ከአሰላ ስንዴ ሊገዛ የመጣ ነጋዴ። ጆንያዎቹ መኪና ላይ እስኪጫኑለት ቆሞ ሲጠብቅ አየኝና፣ "መምህር፣ አንተ አሰላ ሳለህ ሳታውቃቸው አትቀርም። እኚያ ዝሆንና አንበሳ መለየት ያቃታቸው ሽማግሌ አረፉ እኮ። ዛሬ ይቀበራሉ" አለኝ። በክፋት አይደለም ያለው። ያን ጊዜ አሰላ ውስጥ መንገሻ ቱፋ ቢባል ግራ የሚጋባ ሰው ይኖር ይሆናል፤ ዝሆንና አንበሳ ሲባል ግን ሁሉም ወዲያው ያውቃቸዋል፤ ፈገግም ይላል። እኔም ልማድ ሆኖብኝ ፈገግ አልኩ። መሞታቸው የገባኝ ፈገግታው ገና ፊቴ ላይ እንዳለ ነው።

ያቺን የዝሆንና የአንበሳ ነገር የጻፍኳት እኔ ነኝ። ነጋዴው ይህን አያውቅም፤ ከአሰላ ሰውም የሚያውቀው ከአንድ እጅ ጣት አይበልጥም። "ነፍስ ይማር" አልኩና ስለ መንገዱ ጭቃ ጠየቅሁት። እሱም ስለ ጭቃው ነገረኝ።

ጋሽ መንገሻ ዕድሜያቸውን በማዘጋጃ ቤት መዝገብ ቤት የጨረሱ ሰው ነበሩ። እናታቸው ከሸዋ ከመጡት ሰፋሪዎች ወገን፣ አባታቸው የአርሲ ኦሮሞ። ሁለቱንም ቋንቋ እኩል ይናገሩ ስለነበር ሲቆጡ በየትኛው እንደሚጀምሩ አይታወቅም። አጭር ናቸው። ክረምት ከበጋ የማትለያቸው ግራጫ ካፖርት ነበረቻቸው፤ በቀኝ ኪሷ ውስጥ አንዲት የጫማ ቀለም ቆርቆሮ አለች፣ በቆርቆሮዋ ውስጥ ርጥብ ስፖንጅ። ወረቀት ሲቆጥሩ ጣታቸውን የሚያረጥቡት በእሷ ነው። ጣቱን በምላሱ እያራሰ የሚቆጥር ሰው ካዩ፣ "የሰው ድምፅ አይላስም" ብለው ቆርቆሮዋን ያቀርቡለታል።

እኔ ያን ጊዜ ጂኦግራፊ የማስተምር ወጣት ነበርኩ። ቀበሌው የሰጠኝ አንድ ክፍል ከእሳቸው ቤት ጋር ግቢ ይጋራል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የማየው ሰው እሳቸው ነበሩ። ደጃፋቸው ላይ ቆመው ወደ ጭላሎ ያያሉ፤ ጭጋጉ ገለጥ ካለ ከተራራው በኩል ወደ ገበያ የሚወርዱትን ፈረሶች ገና ነጥብ ሳሉ ይለዩዋቸዋል። "ያ የከድር ቦራ ፈረስ ነው። ዛሬ ብቻውን አይደለም፣ ሰው አፈናጥጧል" ይሉኛል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ከድር ሚስቱን አፈናጥጦ በበራችን ያልፋል። እሑድ እሑድ ደግሞ ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ጥልፍ ይዘው ፀሐይ ላይ ሲቀመጡ፣ በመርፌው ክር የሚያስገቡላቸው ጋሽ መንገሻ ነበሩ። ስልሳ ዓመት ባለፈው ዓይናቸው፣ ያለ መነጽር፣ በአንድ ጊዜ። ይህን ስንቴ እንዳየሁ አሁን ሳስበው ፊቴ ይነዳል።

የከተማችን የፓርላማ ወንበር ታሪክ የሆነ ቦታ ተጽፎ ተቀምጦ ይሆናል፤ እኔ የማውቀው ግን ከጋሽ መንገሻ አፍ የሰማሁትን ነው። በጃንሆይ ዘመን አሰላ እንደራሴዋን በመረጠች ቁጥር ቆጣሪው እሳቸው ነበሩ። ተወዳዳሪዎቹን በስማቸው አይጠሯቸውም፤ መጻፍና ማንበብ ለማይችለው መራጭ ተብሎ በተሰጣቸው ምልክት ነው የሚጠሯቸው። "በመጀመሪያው ፋኖስ ገባ። በሁለተኛው ፋኖስ ድጋሚ ልግባ ሲል ማረሻ ጣለው። ማረሻ ደግሞ አዲስ አበባ ሄዶ ቀረ፤ ለአራት ዓመት ፊቱን ያየ የለም፤ ሲመጣ ሰዓት ጠበቀው" ይላሉ። የራሳቸውን ኑሮም የሚያስታውሱት በዚሁ ነበር። አስካለን ያገቡት ፋኖስ በገባ ዓመት ነው። የመጀመሪያ ልጃቸው የተወለደችው ማረሻ ሲገባ ነው። እትዬ አስካለ ይህን ሲሰሙ፣ "እኔ ባማጥኩት ልጅ ማረሻ ምን አገባው" ይሉና ይስቃሉ።

ጋሽ መንገሻ ያንን ዘመን አያቆላምጡትም። መሬት የሌለው ሰው መወዳደር እንደማይችል፣ ባለመሬቱ ጭሰኞቹን በጭነት መኪና አሳፍሮ እያመጣ እንደሚያስመርጥ ሳይሸፋፍኑ ያወራሉ። ከሁሉ የሚወዷት ታሪክ ምልክቱ ፈረስ የነበረ የአንድ ባለመሬት ነች። ሰውየው በዲክሲስ በኩል ሰፊ እርሻ ነበረው። ለምርጫው ዋዜማ በሬዎች አሳርዶ ጭሰኞቹን አበላ፤ በማግስቱ በመኪና ጭኖ አሰላ አወረዳቸው። ጋሽ መንገሻ በሩ ላይ ቆሙና ለእያንዳንዱ በኦሮምኛ፣ "ውስጥ ማንም የለም። አንተ ብቻ ነህ" እያሉ አስገቧቸው። ሲቆጠር ፈረስ ወደቀ። በማግስቱ ባለመሬቱ ጠመንጃ ከያዘ ሎሌው ጋር ማዘጋጃ ቤት መጥቶ እንደገና ይቆጠርልኝ አለ። ተቆጠረለት። አሁንም አለ። አሁንም ተቆጠረለት። በሦስተኛው ላይ፣ "ይበቃል፣ ራሴን አመመኝ" ብሎ ፈረመ። ሲወጣ "በሬዬን በልተው" እያለ ነበር አሉ።

"ፈረመ እኮ" ይሉኛል ጋሽ መንገሻ፣ ታሪኩ እዚህ ሲደርስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ጠመንጃ ይዞ መጥቶ፣ ፈርሞ ሄደ። ለምን ይመስልሃል፣ መምህር? ውጭ ያለው ሰው ሁሉ ከኔ ጋር ቆጥሮ ጨርሶ ነበራ።"

አቆጣጠራቸው እንዲህ ነው። በሩን ወለል አድርገው ይከፍታሉ። ጠረጴዛውን ከበሩ ፊት ያስቀምጣሉ። እያንዳንዱን ወረቀት ከፍ አድርገው ያሳዩና ምልክቱን በአማርኛ፣ ከዚያ በኦሮምኛ ይጠራሉ። አሥር በሞላ ቁጥር ይቆሙና ወደ ደጅ ቀና ብለው፣ "ውጭ ያላችሁ፣ ሰምታችኋል? ዳጌሳኒ?" ይላሉ። ከውጭ "ሰምተናል" የሚል ድምፅ ካልመጣ አሥራ አንደኛውን አይነኩም። ዝናብ ይዝነብ፣ ንፋስ ይንፈስ፣ በር አይዘጋም። ለፓርላማ ብቻ አይደለም፤ የዕድር ሊቀመንበር ሲመረጥም፣ የሰበካ ጉባኤ ሲመረጥም የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ሁለት ሰፈር ተጣልቶ አንዱ አንዱን ሳያምን ሲቀር "በሉ መንገሻ ይቁጠሩ" ይባላል፤ ነገሩ እዚያ ላይ ያልቃል። ሀብት የላቸውም፤ ሥልጣን ኖሯቸው አያውቅም። የነበራቸው ይኸው ነበር።

ደርግ ፓርላማውን ሲዘጋ የምርጫ ሳጥኖቹ ቀበሌ አዳራሽ ገብተው ኖራና ጠመኔ ማስቀመጫ ሆኑ። ምርጫ በእጅ ማውጣት ሆነ። የመጀመሪያውን የቀበሌ ምርጫ ጋሽ መንገሻ እንዲቆጥሩ ተደርጎ ነበር። ካድሬው "በሙሉ ድምፅ ብለህ ጻፍ" እያለ እሳቸው በወንበሮቹ መሀል እየተዘዋወሩ እጅ ይቆጥራሉ። አንዱ ሁለት እጁን አንስቶ ደረሱበትና፣ "ከሁለቱ አንዱን አውርድ፤ የትኛው እንደሚያምርህ ምረጥ" አሉት። አዳራሹ ሳቀ። ካድሬው አልሳቀም። መዝገቡ ላይ የተነሳውንም ያልተነሳውንም እጅ ጻፉ፤ ከዚያ ወዲያ ለቀበሌ ምርጫ አልተጠሩም።

ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ የሸንጎ ምርጫ መጣ። ሕገ መንግሥቱ ጸድቋል፤ ሕዝቡ እንደራሴውን በሚስጥር ድምፅ ይመርጣል ተባለ። ጋሽ መንገሻ ያን ሰሞን የሆኑትን መሆን ላየ ሰው ሠርግ ያለባቸው ይመስላል። ቀበሌ ሄደው ከጠመኔው ሥር ሳጥን ቆፍረው አወጡ፤ አጥበው ግቢያችን ውስጥ ፀሐይ ላይ አሰጡት። "አስካለ፣ ሳጥን ተመለሰ" ይላሉ። እኔ አንድ ነገር ልናገር ፈልጌ ተውኩት። ሦስቱንም ተወዳዳሪ የጠቆመው ፓርቲው መሆኑን እሳቸውም ያውቃሉ። ሦስት እስከሆኑ ድረስ ግን ለእሳቸው ምርጫ ነው።

ምልክቶቹ አንበሳ፣ ዝሆንና ቀጭኔ ነበሩ። አንበሳ እንዲገባ የተፈለገው ከአውራጃው ፓርቲ የመጣ ሰው ነው። ቀጭኔን ማንም አያውቀውም። ዝሆን ግን ሲስተር አየለች ነበረች፤ የከተማውን ግማሽ ሕፃን ያዋለደች፣ ሰው ቤት ምጥ ሲመጣ በጋሪ ተጭና በዝናብ የምትደርስ ሴት። ሦስተኛ ሰው ሲጠፋ፣ ሴትም ትኑርበት ተብላ የገባች ናት። እሷን ለማሟያ ያስገባት ሰው አሰላን አያውቃትም ነበር።

የጣቢያችን ኮሚቴ አምስት ሰው ነበር። ሰብሳቢው ጓድ ታምራት የሚባል ካድሬ፤ ቆጣሪው ጋሽ መንገሻ፤ ቃለ ጉባኤ ያዡ እኔ፤ የቀሩት ሁለቱ አፋቸውን ሳይከፍቱ የዋሉ ሰዎች ናቸው። እኔን የመረጡኝ ጽሕፈቴ ጥሩ ስለሆነ ነው። ጋሽ መንገሻ ስሜን ሲሰሙ ደስ አላቸው። "ከግቢያችን ሁለት ሰው" አሉ።

ሰኔ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ያካፋል። ሰልፉ ከአዳራሹ በር እስከ ጋሪ ማቆሚያው ደርሶ ነበር። ድምፅ መስጠቱ ከሰዓት በኋላ አልቆ ቆጠራው ሲጀመር ብዙው ሰው ወደ ቤቱ አልሄደም፤ ጋቢውንና ጆንያውን ተከናንቦ ደጅ ቆመ። ጋሽ መንገሻ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱ፣ ቆርቆሮዋን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ፣ በአማርኛና በኦሮምኛ መጥራት ጀመሩ፤ ዝሆን በኦሮምኛ አርባ ነው። "ዝሆን፣ አርባ።" እንደገና "ዝሆን፣ አርባ።" "አንበሳ፣ ሌንጫ።" እንደገና "ዝሆን፣ አርባ።" አሥር ሲሞላ "ውጭ ያላችሁ፣ ሰምታችኋል? ዳጌሳኒ?" ከዝናቡ ውስጥ "ሰምተናል" መጣ። ሌላ አሥር ሲሞላ አንዲት ሴት እልል አለች። ከዚያ በኋላ ዝሆን በተጠራ ቁጥር እልልታው አብሮ መጣ።

ጓድ ታምራት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። ቁጣ የለበትም፤ ለስለስ ብሎ፣ "ብርዱ አይቻልም፤ ያንን በር ዝጋው እስቲ" አለኝ።

ተነስቼ ዘጋሁት።

ስለዚህ ቅጽበት ለራሴ ብዙ ማስተባበያ አዘጋጅቼለታለሁ። እውነትም ይበርድ ነበር። ሰብሳቢው አዝዞኛል። ልጅ ነበርኩ። ግን በሩን ስዘጋ ምን እየዘጋሁ እንደሆነ አውቅ ነበር። እጄ እጀታው ላይ ሳለ ከደጅ አንዲት ሴት ቀጥታ ዓይኔን አየችኝ፤ እኔም እያየኋት ዘጋሁባት።

ጋሽ መንገሻ የያዙትን ወረቀት አየር ላይ እንዳለ አቆሙት። "ማነው የዘጋው?" አሉ።

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ብርድ ስለሆነ ነው።"

ወረቀቱን አስቀመጡ። ካፖርታቸውን አወለቁና መጥተው ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ። "ከበረደህ እንዲህ ነው የሚደረገው። አሁን ክፈተው" አሉኝ።

ጓድ ታምራትን አየሁት። እሱ ጣራውን ያያል። ካፖርቷ ሞቅ ትላለች፤ የሳሙናና የአሮጌ ወረቀት ሽታ አላት። ቁጭ እንዳልኩ ቀረሁ። ጋሽ መንገሻ ትንሽ ጠበቁኝ። ከዚያ በሹራብ ብቻ ወደ ጠረጴዛው ተመለሱና ቀጠሉ። በተዘጋው በር ላይ እንደ ድሮው ይጮሃሉ፤ አሥር ሲሞላ ወደ በሩ ቀና ይሉና "ሰምታችኋል?" ይላሉ። ከውጭ ምንም አይመጣም። በዚህ ሁኔታ እስከ መጨረሻው ቆጠሩ።

ዝሆን አንበሳን በእጥፍ በልጣ ነበር። ጓድ ታምራት ብዕር አንስቶ፣ ከዝሆን ትይዩ ያለውን ቁጥር ከአንበሳ፣ ከአንበሳ ትይዩ ያለውን ከዝሆን ጎን አድርጌ እንድጽፈው አሳየኝ። "ቁጥር አልጨመርንም፣ አልቀነስንም" አለ። "ያው ቁጥር ነው።" ጻፍኩት። ካፖርቷ ትከሻዬ ላይ ነበረች። ሁለቱ ዝም ያሉት ሰዎች ፈረሙ፤ እኔ ፈረምኩ። ጋሽ መንገሻ ቃለ ጉባኤውን ተቀብለው አነበቡትና መልሰው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። "እኔ የቆጠርኩት ሌላ ነው" አሉ። አልፈረሙም። ቆርቆሮዋን ከደኗት፣ በሩን ከፍተው በዝናቡ ውስጥ ወጡ። ደጅ የሚጠብቀው ሰው ዝናቡና ዝምታው ሰልችቶት ተበታትኖ ነበር።

የጎደለ ፊርማ ማብራሪያ ይፈልጋል። በማግስቱ ጓድ ታምራት ቢሮው አስጠራኝ። "ሽማግሌው ምርጫውን አልቀበልም አሉ ከተባለ ነገሩ ወደ ሌላ ይሄዳል፤ አንተም ታውቃለህ። ዓይናቸው ደክሟል ቢባል ግን ማንም አይነካቸውም። ለእሳቸው ብለህ ጻፈው" አለኝ። እውነት ይኖረዋል። በዚያ ዘመን ሰው ከዚህ ባነሰ ነገር ገብቶ ሳይወጣ ይቀር ነበር። ለዓመታት "አዳንኳቸው" እያልኩ የተኛሁት በዚህ ነው።

ለማዳን ግን "የማየት ችሎታቸው ስለቀነሰ" የሚለው ይበቃ ነበር። ታምራትም የጠየቀኝ ይህንኑ ነው። እኔ እዚያ አላቆምኩም። ብዕሩ እጄ ላይ ጣፈጠኝ መሰለኝ፣ "ዝሆንን ከአንበሳ መለየት እስኪያቅታቸው ድረስ" ብዬ ጨመርኩበት። ማንም ጨምር አላለኝም። ዓረፍተ ነገሩ ሲነበብ አማረኝ። ታምራት አንብቦ ከልቡ ሳቀ፤ እኔም በመሳቁ ደስ አለኝ። እሱ ለአንድ ሰው አወራት፣ ያ ለሌላው አወራት፣ ሳምንት ሳይሞላ ጠላ ቤት ደረሰች። የጨረታ ማስታወቂያ ለማንበብ አጎንብሶ የቆመ ሽማግሌ ሁሉ "ዝሆን ነው አንበሳ?" እየተባለ ይቀለድበት ጀመር።

ካፖርቷን ከቆጠራው በማግስቱ ንጋት ላይ ሰው ሳያየኝ በራቸው ላይ ሰቅዬላቸው ነበር።

ጋሽ መንገሻ አልተኮሳተሩብኝም። ጠዋት ጠዋት "እንዴት አደርክ፣ መምህር" ይሉኛል፤ እኔም "እግዚአብሔር ይመስገን" እላለሁ። ወደ ጭላሎ ማየታቸውን ግን ተዉ። ፈረሶቹን መጥራት ቀረ።

የመጀመሪያው እሑድ ላይ እትዬ አስካለ በሬን አንኳኩ። በአንድ እጃቸው መርፌ፣ በሌላው ክር ይዘዋል። ጋሽ መንገሻ ከኋላቸው ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል።

"ልጄ፣ ያንተ ዓይን ጤነኛ ነው" አሉኝ እትዬ አስካለ። "እስቲ ይቺን አስገባልኝ።"

ወሰድኩ። ክሩ ተሰነጠቀ፤ በከንፈሬ አርጥቤ ሞከርኩ፤ እንደገና አመለጠኝ። እሳቸው አልረዱኝም፤ አልሄዱም። ፊቴን እያዩ ቆሙ። ስንት ጊዜ እንደሞከርኩ አላውቅም፤ በመጨረሻ ሲገባልኝ "ተባረክ" ብለው ሄዱ። በሚቀጥለው እሑድም መጡ። አሰላ እስካለሁ ድረስ እሑድ እሑድ መጡ።

ክረምቱ ሲወጣ የዕድሩ ምርጫ ደረሰ። ጋሽ መንገሻ እንደ ልማዳቸው ቀደም ብለው መጥተው ከበሩ ፊት ያለው ጠረጴዛ አጠገብ ቆሙ፤ ቆርቆሮዋን አወጡ። ጸሐፊው ቀረብ ብሎ፣ "ጋሼ፣ ዘንድሮ እንኳ ወጣቶቹ ይቁጠሩ ብለን ነበር። እርስዎ ይረፉ" አላቸው። በአክብሮት ነው ያላቸው። ከኋላ የሆነ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ጋሽ መንገሻ ቆርቆሮዋን መልሰው ኪሳቸው ከተቱና ከኋላ ወንበር ሄደው ተቀመጡ። ወጣቱ ጣቱን በምላሱ እያራሰ፣ ለራሱ እያጉተመተመ ቆጠረ። ከተቀመጥኩበት ሆኜ እሳቸውን ላለማየት የጫማዬን ክር ፈትቼ አሰርኩ።

ስለ ነገሩ ያነሱልኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በዚያው ዓመት ሳጉሬ ምክትል ርዕሰ መምህር ሆኜ ተመደብኩ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ አውቀዋለሁ። ዕቃዬን ጋሪ ላይ ስጭን ጋሽ መንገሻ አልጋዬን በአንድ ጎን ይዘው አገዙኝ። ሲያልቅ እጃቸውን አራግፈው፣ "ጽሑፍህ ጥሩ ነው፣ መምህር" አሉኝ።

የጋሪውን ገመድ አጠበቅሁ።

"ያቺን ዝሆኗን የጨመርካት አንተ ነህ አይደል?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"አውቄዋለሁ። ታምራት እንደዚያ አድርጎ መጻፍ አይችልም" አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ ፈለግሁ፤ አጣሁበት። የተማሪ ደብተር የሚያርም ሰው ድምፅ ነበር። ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። ባለጋሪው "እንሂድ" አለ፤ እኔም ሄድኩ።

ከምርጫው ወዲህ ሦስት ዓመት ሊሞላ ሲል ነው ነጋዴው ሞታቸውን የነገረኝ። በመጀመሪያው መኪና አሰላ ገባሁ፤ ከቀብር አልደረስኩም። ድንኳኑ ግቢያችን ውስጥ፣ ያ ሳጥን ፀሐይ ላይ ተሰጥቶበት በነበረው ቦታ ተተክሎ ነበር። ለቀስተኛው ከቀብር ተመልሶ ተቀምጧል። ገብቼ እትዬ አስካለን ቤት ውስጥ አገኘኋቸው። ካፖርቷ ከኋላቸው ግድግዳው ላይ ተሰቅላለች። አቅፈውኝ አለቀሱ፤ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ጆሯቸው ላይ ሆኜ፣ ሦስት ዓመት የያዝኩትን አወጣሁ።

"እትዬ፣ ዝሆን ነበረች ያሸነፈችው። ጋሼ በትክክል ነው የቆጠሩት።"

እትዬ አስካለ ለቀቁኝ። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉና እንደዚያ እሑድ ፊቴን እያዩ ቆሙ። "ለኔ ነው እንዴ የምትነግረኝ? እኔማ ሰምቻለሁ" አሉ። በአገጫቸው ወደ ድንኳኑ አመለከቱ። "ውጭ ላሉት ንገራቸው።"

ወጣሁ። ድንኳኑ ሙሉ ነበር። የዕድሩ ጸሐፊ አለ፤ ሲስተር አየለች ጥቁር ለብሳ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣለች፤ ጓድ ታምራት የለም፣ ግን እሱን የሚመስሉ ሁለት ሦስት ሰዎች አሉ። አንዱ ሽማግሌ በፍቅር፣ በእውነት በፍቅር፣ "እንዲያው ዝሆንና አንበሳ አይለዩ እንጂ፣ ደግ ሰው ነበሩ" አለ። የተቀመጠው ሰው በኀዘን መሀል ፈገግ አለ። እኔ መግቢያው ላይ ቆሜ ነበር። አፌን ከፈትኩ። ሰዎቹ ቦታ የፈለግሁ መስሏቸው ተጠጋጉልኝ። ተቀመጥኩ። የሰጡኝን ንፍሮ ቃምኩ። ሲመሽ የሳጉሬ መኪና እንዳያመልጠኝ ብዬ ተነሳሁ።

ይህን የምጽፈው ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይቼ ነው። ሸንጎው የለም፤ ታምራት የለም፤ እትዬ አስካለም አልፈዋል። አሁን እውነቱን ለመናገር የሚያስፈልግ ድፍረት የለም፤ ስለዚህ በመናገሬ የሚገባኝ ምስጋናም የለም። ቁጥሩን ቀይሬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በሩን የዘጋሁትም እኔ ነኝ። ጋሽ መንገሻ ዓይናቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው በመርፌ ክር ያስገባ ነበር። በዚያ ዝናብ የአሰላ ሰው የመረጠው ዝሆንን ነው።

ውጭ ያላችሁ፣ ሰምታችኋል? ዳጌሳኒ?